የማይጠራው ታፔላ

ኡምሱናይ ለስፌት ቤቷ ስም ስትፈልግ የትንሿን ልጇን የሒሳብ ደብተር ጨረሰችው። ከፊት በኩል የማባዛት ሠንጠረዥ ነው፣ ከኋላ በኩል ስም። «ኤሊት» ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች። «ቬጋ» ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች። ወረቀቱ ጨርቅ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሁለት ቀሚስ ይወጣው ነበር እያሉ ጎረቤቶቿ ይስቁባታል።

ስም ማውጣት ለሌላው ሰው ቀላል ነው። ለምራት ግን ፈንጂ እንደተቀበረበት ሜዳ ነው። በእኛ መንደር ምራት የባሏን ታላላቆች ስም አትጠራም። አማቷን አትጠራም፣ የአማቷን ወንድሞች አትጠራም፣ የሞቱትንም አትጠራም። ስሙ ትርጉም ካለው ትርጉሙንም አትጠራም። የአማቷ የአጎት ልጅ ተሚር ይባላሉ፤ ብረት ማለት ነው። ስለዚህ ኡምሱናይ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ብረትን «ጠንካራው» ስትል ኖራለች፤ ልጆቿ ብረት ብረት መባሉን የሰሙት ትምህርት ቤት ገብተው ነው። ከጎኗ ያለው ቤት ሽማግሌ ደግሞ አልትሚሽ ናቸው። ሲወለዱ አያታቸው ስልሳ ዓመት ሞልቷቸው ነበርና «ስልሳ» ተባሉ፤ በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ስም ብዙ ነው። እና የመንደሩ ምራቶች ለሚኒባስ ስልሳ ሶም ሲከፍሉ «ሃምሳና አሥር» ይላሉ። ሾፌሮቹም ለምደውታል።

ኡምሱናይ መጀመሪያ በልቧ የያዘችው «ስቱዲዮ 60» የሚል ነበር። የቤታቸው ቁጥር ስልሳ ነው። ዋና ከተማው ቢሽኬክ በስፌት ፋብሪካ በሠራችባቸው ሁለት ዓመታት አየችው፤ ዘመናዊ የተባለ ቤት ሁሉ ስሙ ላይ ቁጥር አለው። ግን ስልክ አንስታ «ስቱዲዮ ሃምሳና አሥር» ልትል ነው? ሰረዘችው።

እነዚያ ሁለት ዓመታት ቀላል አልነበሩም። ልጆቿን ለአማቷ ለባትማ ትታ፣ ከአሥራ አንድ ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተኝታ፣ ቀኑን ሙሉ ኪስ ብቻ ስትሰፋ ነው የከረመችው። ስትመለስ ትንሿ ልጅ «እትዬ» ብላ ጠራቻት። ያን ዕለት ነው ኡምሱናይ ዳግመኛ አልሄድም ያለችው። አማቷ ሽማግሌው ማርሌንም ሰምተው በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል ሰጧት። ክፍሉ የድንች ማስቀመጫ ነበር። ሲሰጧትም እንዲህ ብለው ነው፦

«እስከ ድንች ቆፈራ ሞክሪው። ደንበኛ ከመጣ ክፍሉ ያንቺ ነው። ካልመጣ ድንቹም ቤት ይፈልጋል።»

ድንቹ ቤቱን ከወሰደ ኡምሱናይን የሚጠብቃት ያው የቢሽኬክ ኪስ ነው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም አያነሳውም።

ማርሌን ጡረታ የወጡ የከብት ሐኪም ናቸው። አባታቸው የመንግሥት እርሻ ሊቀመንበር ስለነበሩ፣ ልጃቸው ሲወለድ በዘመኑ ከሚጠሩት የኮሚኒስት ታላላቆች ስሞች ሁለቱን ቆርጠው፣ አንዱን ካንዱ ሰፍተው ማርሌን አሏቸው። ያን ጊዜ ከዚያ የዘመነ ስም አልነበረም። ሽማግሌው ይህን አይረሱም፤ ሌላውም እንዲረሳ አይፈልጉም።

የስሙ ጉባኤ እሑድ ቀትር ላይ በምሳ ተደረገ። ማርሌን ከላይ፣ ልጃቸው፣ የኡምሱናይ ባል ኤርኪን ከጎናቸው፣ ባትማ ሻይ እየቀዱ፣ ኡምሱናይ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። የአልትሚሽ ምራት ጉልዛትም ሙቅ ቦርሶክ በሳህን ይዛ መጥታ እዚያው ቀረች፤ ዳቦው ሰበብ ነበር።

«ዘመናዊ ይሁን ብቻ» አሉ ማርሌን። «'ስፌት በኡምሱናይ' ምናምን እንዳትሉኝ።»

«'ኤክስፕረስ' ቢባልስ?» አለ ኤርኪን። ሚኒባስ ነጂ ነው።

«ለመኪናህ ነው ለሱቁ?» አሉ ባትማ። «መኪናህም ቢሆን ኤክስፕረስ ሆኖ አያውቅ።»

«እሺ 'አልማዝ'።»

«የላይኛው ሰፈር ጫማ ሰፊ አልማዝ ነው የሚባለው። ሰው ጫማውን ይዞ ይመጣባታል።»

ኤርኪን ሥጋውን መብላት ቀጠለ። ኡምሱናይ ደብተሩን ከጉልበቷ ሥር ልታወጣ እጇን ስትሰድ ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። የኤርኪን ታናሽ ወንድም ታላንት ነው፤ ቢሽኬክ የማስታወቂያ ማተሚያ አለው። ኡምሱናይ ዋርሳዋን፣ ታናሽም ቢሆን፣ በስሙ ስለማትጠራው «ከተሜው» ትለዋለች፤ እሱም ደስ ይለዋል። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረዥም ነገር እንደ በግ ታቅፎ ገባ።

«ስም ስትፈልጉ እንደምትውሉ ስላወቅሁ ይዤው መጣሁ!» አለ። ብርድ ልብሱን ገፈፈው፤ ገመዱን ሰካው።

ታፔላው በቀይ መብራት ብልጭ አለ። ማርሌን ስታይል።

ኤርኪን አጨበጨበ። ማርሌን ነጩን ቃልፓቃቸውን ካናታቸው ላይ አንስተው መልሰው ደፉት፤ ዓይናቸው ውሃ አቀረረ። «ምን አስቸገረህ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ገና ድሮ መቸገር ነበረብህ የሚል ነበር።

«የአባቴ ስም አለበት፣ ዘመናዊም ነው። ማርሌን ሲሉት የፈረንሳይ አይመስልም? ከተማ ብትወስዱት ሰው ሽቶ ቤት ነው የሚለው» አለ ታላንት። ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። «ምነው ዝም አልሽ፣ እትዬ? እስኪ ጮክ ብለሽ አንብቢው!»

ጉልዛት ቦርሶኩን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ባትማ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ክዳን ማየት ጀመሩ። ወንዶቹ ሦስቱም ያን ስም እንደ ልባቸው ሲጠሩት የኖሩ ናቸው፤ ከሴቶቹ አንዳቸውም ጠርተውት እንደማያውቁ አንዱም አልታሰበውም።

«ያምራል» አለች ኡምሱናይ።

«አንብቢዋ!»

«ሥጋው ይቀዘቅዛል» አሉ ባትማ። «ብሉ።»

ኡምሱናይ ተነስታ ለአማቷ እጅ ነሳች። ሌላ ምን ታድርግ? ስጦታ መመለስ ነውር ነው። የአማትን ስም ከነመብራቱ መመለስ ደግሞ ስምም የለው። ደብተሩን መልሳ ከጉልበቷ ሥር አስገባችው።

መከራው የጀመረው በስልክ ነው።

«ሄሎ፣ ስፌት ቤት ነው? ናሪን ከተማ ሆኜ ነው የምደውለው። የሱቃችሁን ስም ንገሪኝ፣ ስልኬ ላይ ልያዘው።»

«ስሙ… ታፔላው ላይ አለ።»

«ታፔላው ከናሪን አይታይም እኮ፣ እህቴ።»

«የልጆቼ አያት ስም ነው።»

«የልጆችሽ አያት ማን ይባላሉ?»

«የባሌ አባት ናቸው።»

«አንቺ፣ የራሱን ስም የማያውቅ ሱቅ ዛሬ ገና አየሁ!» ሴትዮዋ ዘጋችው።

ይህ እንኳ አንድ ነገር ነው። የባሰው መንደሩ ውስጥ ነበር። የፈረሱትን ትተን ሰው የሚኖርበት አርባ ስምንት ቤት አለን፤ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ከማርሌን ጋር አንድ ዘር ነው። እንግዲህ የአርባ ቤት ምራት ያን ስም አትጠራም ማለት ነው። ቀሚስ የምታሰፋ ደግሞ ምራት ናት፤ ሽማግሌ ቀሚስ አያሰፋ። ጉልዛት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ፌርማታ ላይ ቆማ ሳለ አንዲት የናሪን ሴት «እንዴት ያምራል! የት አሰፋሽው?» ብላት ነበር።

«እዚያ መንደራችን፣ የከብት ሐኪሙ ሰውዬ ጋ።»

«ቀሚስ? ከከብት ሐኪም?»

«አይደለም፣ ምራታቸው ናት የምትሰፋው።»

«ሱቁ ስም የለውም?»

«አለው፤ አይጠራም እንጂ።»

ሴትዮዋ ሱቁ ችግር አለበት ብላ ነው መሰል፣ ሚኒባሱ ላይ ወጥታ ናሪን ገበያ አፍ ላይ ወዳለው «ኤሌጋንት» ሄደች። ኤሌጋንት የሚባል አማት ያላት ሴት በአገሩ የለችም።

ማርሌን ነገሩን ሲሰሙ ይቆጣሉ ብሎ የጠበቀ ነበር። እሳቸው ጭራሽ ደስ አላቸው። ሱቁ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው፣ የሚያልፉት ሴቶች ታፔላውን አይተው አንገት ሲደፉ እያዩ ጢማቸውን ያሻሻሉ። «ያገሩ ምራት ሁሉ በስሜ ፊት አፏን ትይዛለች» አሏቸው ለተሚር። «አንተን ማን እንዲህ አክብሮህ ያውቃል?»

«እኔንም ስሜን እየሸሹ 'ጠንካራው' ይሉኛል፤ ይበቃኛል» አሉ ተሚር።

ኡምሱናይ ነገሩን በባትማ በኩል ልታስነግር ሞከረች። ሁለቱ ሊጡን እያቦኩ ነበር።

«እማማ፣ ያ ስም ሥራዬን እየያዘው ነው።»

«እኔ አርባ ስድስት ዓመት አልጠራሁትም» አሉ ባትማ። «'አንተ ሰውዬ' እያልኩ አምስት ልጅ ወለድኩ።»

«እርስዎ ሱቅ አልከፈቱም።»

ባትማ ሊጡን አገላበጡት። «እሱስ እውነት ነው» አሉ። «ግን ማን ይነግራቸዋል? እንዲህ ፈክተው አይቻቸው አላውቅም። ከጡረታ ወዲህ ላምም አልጠራቻቸው።»

ድንች ሊቆፈር ስድስት ሳምንት ሲቀረው ማርሌን ገመድ ይዘው ወደ ስፌት ቤቱ ገቡና ግድግዳውን መለካት ጀመሩ። ከስፌት መኪናው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ። «ሃያ ስምንት ጆንያ» አሉ ለራሳቸው። ክፋት አልነበራቸውም፤ የተናገሩትን የማይረሱ ሰው ናቸው እንጂ። ኡምሱናይ አንገቷን ሳታነሳ መስፋቷን ቀጠለች፤ መርፌው ግን አንድ ቦታ ላይ ሁለቴ ሄደ።

ያን ሰሞን ጉልዛት ልጇን ልትድር ነበርና የሙሽራዋን ጓዝ ለኡምሱናይ ሰጠቻት። በእኛ ዘንድ ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ብርድ ልብስ፣ ትራስ፣ ሃያ የወለል መቀመጫ ፍራሽ፣ ቀሚስ፣ የሌሊት ልብስ፣ ለክረምት የሚሆን የውስጥ ሱሪ። ጓዙ ከመጫኑ በፊት በሁለቱ ወገን ፊት አንድ በአንድ እየተነሳ ይታያል። ጥሩ ሆኖ ከታየ የሠራችው ሴት ዓመቱን ሙሉ አትቦዝንም፤ ከሁለት ወረዳ የመጣ ሰው ነው የሚያየው። «እንግዲህ ይሄ ነው ያለሽ ዕድል» አለቻት ጉልዛት። «አሳይያቸው።»

ጓዙ ሊያልቅ ሲል ታላንት ደወለ። ስልኩን ያነሱት ማርሌን ናቸው፤ እንደ ልማዳቸው ድምፁን ለመንደር ለቀውታል።

«አባባ፣ ከታፔላው ጋር ያመጣሁት ጥቅል ማርክስ? ልብሱ ላይ የሚሰፋው፣ ስምዎ የተጻፈበት። አንድ ሺህ ነው!»

ማርሌን ወደ ኡምሱናይ ዞሩ። «የታለ?»

ኡምሱናይ መሳቢያውን ከፈተች። ማርኩ እንደመጣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ አንድም አልተነካም። «እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«እንዳይቆሽሽ? ማርክ ሊሰፋ አይደል የተሠራው? ዛሬውኑ ስፊው። የጉልዛት ጓዝ ላይ።»

«ቀሚሶቹ ላይ ላድርገው?»

«ሁሉም ላይ።»

«የወለል ፍራሹም ላይ?»

«ፍራሹ አልተሰፋም እንዴ?»

ኡምሱናይ መሬት መሬት እያየች ማርኩን በጨርቁ መልሳ ጠቀለለችው። «የሌላውም፣ አባባ… የውስጡም ልብስ ላይ?»

ማርሌን ግን ከአርባ ዓመት ሥራቸው ተነስተው ተናገሩ። «ልጄ፣ ከብት ላይ ምልክት ሲደረግ ግማሹ ታልፎ ግማሹ ይደረጋል? አንድ ያልተመታ ካለ መንጋው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሁሉም ላይ አልኩ፤ አንድ እንዳይቀር!»

ሦስት ጊዜ ጠይቃለች። ይህን መንደሩ ኋላ ላይ መስክሮላታል። ከዚያ ማርኩን ፈታ መስፋት ጀመረች፤ ኡምሱናይ ሥራ ስትይዝ አንድ እንኳ አታልፍም።

የሠርጉ ቀን የጉልዛት ቤት በሰው ሞላ። ማርሌን የክብር ቦታ ተሰጥቷቸው አዲሱን ቃልፓቅ ደፍተው ተቀመጡ። ጓዙን የምታሳየው የሙሽራው አክስት ነበረች፤ ከአትባሺ የመጣች፣ ቁመቷ የበር ያህል፣ ድምፅዋ የገበያ። የዚህ መንደር ምራት አይደለችም፤ ስለዚህ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች።

«ቀሚስ!» አለች አክስቲቱ ከፍ አድርጋ፤ አንገቱን ገልብጣ ማርኩን አየች። «ማን ሰፋው? ማርሌን ስታይል!»

የመንደሩ ምራቶች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ስሙን ከሴት አፍ ሲሰሙት የመጀመሪያቸው ነው። ማርሌን ቃልፓቃቸውን አስተካከሉ።

«ብርድ ልብስ! ማርሌን! ስፌቱን እዩልኝ፣ እንደ መስመር ነው። ትራስ፣ ማርሌን! ይሄኛውም ማርሌን!»

ማርሌን ለጎረቤታቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰውም ስፌቱን ይነካል፣ ያደንቃል።

«የሌሊት ልብስ» አለች አክስቲቱ። ስስ ነበር። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ዘረጋችው። «ኧረ ይሄስ ሙሽራውን አያስተኛውም! ማነው የሰፋው? አሁንም ማርሌን ነው፤ አያ ማርሌን ባለሙያ ነው!»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ሳል አደረገው። ማርሌን የሻይ ስኒ አነሱ፤ ስኒው ባዶ ነበር።

«የውስጥ ሱሪ፣ ለክረምት!» ሰፊ ነው፣ ባለ ገበር። አክስቲቱ ወገቡን በሁለት እጇ ለጥጣ ላስቲኩን ጎትታ ለቀቀችው። «ጠንካራ ነው! ማርሌን! ሌላም አለ፤ ማርሌን! ሁለት፣ ሦስት… ስድስት ማርሌን!»

በዚህ መሐል ውጭ እንግዳ ሲቀበሉ የቆዩት ሽማግሌው አልትሚሽ ገቡ። ከማርሌን ጎን ከተዘረጋው አዲስ ፍራሽ ላይ እፎይ ብለው ተቀመጡ፤ ከባድ ሰው ናቸው። ሁሉም ማርክ ማርክ ሲል ሰምተው የተቀመጡበትን ፍራሽ ጫፍ ገልበጥ አድርገው አነበቡ። ከዚያ ወደ ጎናቸው አዩ።

«ይቅርታ ማርሌን፣ አላየሁህም።»

ቤቱ ፈነዳ። ወንዱ ሳቀ፣ ሴቱ ሳቀ፣ ሙሽራዋ ከመጋረጃ ኋላ ሆና ሳቀች።

«ስብሰባ ላይ ሁሉ ስትጫነኝ ኖረህ» አሉ አልትሚሽ እየተደላደሉ፤ «ዛሬ ተራዬ ደረሰ።»

ኡምሱናይ አልሳቀችም። በሩ አጠገብ ቆማ ሳህን እየሰበሰበች ነበር። አክስቲቱ ግን ጨርሳ ወደ እሷ መጣች። «አንቺ ነሽ የሰፋሽው? እጅሽን ይባርከው። ሁለት ልጅ ልድር ነው እኔም። የት ነው የማገኝሽ?»

ኡምሱናይ አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ማርሌን ያን አዩ። ሳህን እንደ ታቀፈች፣ ከሁለት ወረዳ ሰው ፊት፣ ምራታቸው መልስ ስታጣ አዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አግዳሚው ላይ ሆነው ሳይሆን ከቅርብ ነው ያዩት።

«ቁጥር ስልሳ ቤት ነው» አሉ ማርሌን ለአክስቲቱ። «መንገድ ዳር። የድንቹ ቤት… ማለቴ፣ የድሮው ድንች ቤት።»

በነጋታው ጠዋት መሰላል አምጥተው ታፔላውን ራሳቸው አወረዱት። ኤርኪን ልርዳዎ ቢላቸው እንቢ አሉ። «የከተማ ሥራ ነው» አሉ፤ «ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋል። ለዚህ አየር አይሆንም።» ከዚያ መሰላሉ ላይ እንዳሉ ወደ ታች ጠየቁ፦ «አንቺ ምን አስበሽ ነበር?»

ኡምሱናይ ደብተሩን አመጣች። ከብዙ ስርዝ በታች አንድ ያልተሰረዘ ነበር፤ በበጋው ስትለካ የጻፈችው።

«ስቱዲዮ 48» አነበቡ ማርሌን። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉት። «አርባ ስምንት ማነው?»

«ማንም አይደለም፣ አባባ። ከላይ እስከ ታች ቤት ለቤት ጠይቄያለሁ። በሕይወት ካሉትም ከሞቱትም የለም።»

«የመንደሩ ቤት ብዛት ነው?»

«እሱም ገጠመልኝ። ግን የሴቶቹ ልክ ነው። አብዛኛው አርባ ስምንት ነው የሚለብሰው።»

«እኔ አርባ ስድስት ነኝ!» አለች ጉልዛት ከአጥሩ ማዶ።

«ነበርሽ» አሉ ባትማ።

ማርሌን ትንሽ አሰቡ። «ዘመናዊ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ማንም ካልሆነ ጥሩ ነው።»

የአትባሺዋ አክስት ለሁለቱም ልጆቿ ጓዝ አዘዘች። ከእሷ ኋላ ሌሎች መጡ። ስልኩ ሲጮህ ኡምሱናይ ጨርቁን ሳትለቅ አንስታ «ስቱዲዮ አርባ ስምንት፣ ኡምሱናይ ነኝ» ትላለች፤ አንዳንዴ የሚሰማት ሰው ባይኖርም ትደግመዋለች። ድንቹ ሲቆፈር ሃያ ስምንቱ ጆንያ ኤርኪን መኪናውን የሚያቆምበት መጠለያ ገባ፤ መኪናው ውጭ አደረ።

ታፔላው የማርሌን መኝታ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። በበዓል ቀን ይሰኩታል ይባላል፤ አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ሽማግሌው ቃልፓቃቸውን ይዘው ወደ ስፌት ቤቱ ገቡ። ደንበኞች እስኪወጡ ጥግ ይዘው ቆሙ። ከዚያ ቆቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ከዚያ ማርክ የተረፈ አለ?»

«አለ፣ አባባ።»

«እንግዲያው እዚህ ውስጥ አንዱን ስፊልኝ። ከግንባሬ በኩል። ሰው እንዳያየው።»

ኡምሱናይ ከመሳቢያው አንዱን ቆረጠች፤ በነጭ ክር፣ በእጅ ሰፋችው። ማርሌን ቆቡን ገልብጠው በጣታቸው ዳበሱት፤ ዓይናቸው ላይ ሳቅ ነበር።

«ምን ይላል?» አሏት። «መነጽሬን ረስቼ ነው።»

መነጽራቸው ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ኡምሱናይ አየችው፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«የባለቤቱን ስም ነው የሚለው፣ አባባ» አለች።